ጋሼን ይዤ ወደ ዊንደርሚር፦ በአውቶብስ፣ በመርከብና በእንፋሎት ባቡር

ጋሼ ከድሬዳዋ ሊጠይቁን ከመጡ ጀምሮ የት ልውሰዳቸው እያልኩ ነበር የከረምኩት። ለንደንን አሳየናቸው፣ ሰው በዛባቸው። ሱቅ ለሱቅ መዞር አይወዱም። ጉልበታቸውም ረጅም መንገድ አያስኬዳቸውም። አንድ ምሽት የሽርሽር አውቶብሶችን ዝርዝር ሳገላብጥ ሐይቅ ላይ በመርከብ፣ ከዚያ በእንፋሎት ባቡር የሚል ጉዞ አየሁና ሌላውን ሳላነብ ሁለት ቦታ ያዝኩ። ጋሼ የሥራ ዘመናቸውን ሙሉ ያሳለፉት በምድር ባቡር ጥገና ክፍል ውስጥ ነው። ለሳቸው ከዚህ የተሻለ ምን ይገኛል?

የምንሄደው ሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ ወዳለው ሌክ ዲስትሪክት ነው። ተራራና ሐይቅ የሞላበት አገር ነው። በ1951 ብሔራዊ ፓርክ ሆነ፣ በ2017 ደግሞ ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መዘገበው። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ሰኞ

ከበርሚንግሃም በጠዋት ተነሳን። ተሳፋሪው አብዛኛው ጡረተኛ ነው፣ ባልና ሚስት፣ ጓደኛማቾች፣ አንድ ሁለት ብቻቸውን የመጡ እናቶች። ወንበር ቀድሞ ስለሚመደብ ግፊያ የለም። ሻንጣውን ሹፌሩ ራሱ ተቀብሎ ጫነው። ጋሼ ይሄን ሲያዩ "አይ፣ እኔ እይዘዋለሁ" ብለው ትንሽ ታገሉት፣ በኋላ ለቀቁ።

መንገዱ ኤም 6 ነው። በ1958 የተከፈተው የፕሬስተን ማለፊያ የአገሪቱ የመጀመሪያው የፍጥነት መንገድ ሲሆን፣ ዛሬ የዚሁ የኤም 6 አካል ነው። ብዙ የሚታይ ነገር የለውም። ላንካስተር ሳንደርስ ቡና ልንጠጣ የቆምንበት ማረፊያ ግን ባለ ስድስት ጎን የኮንክሪት ማማ አለው፣ በ1965 የተሠራ። ድሮ ሰው ላይ ወጥቶ መኪናውን ቁልቁል እያየ ይበላበት ነበር። አሁን ሬስቶራንቱ ተዘግቷል፣ ማማው ግን በቅርስነት ስለተመዘገበ ማንም አያፈርሰውም። እዚህ አገር ሹፌር 4 ሰዓት ተኩል ከነዳ 45 ደቂቃ የማረፍ ግዴታ አለበት። ስለዚህ የአውቶብስ ጉዞ ላይ አትቸኩሉ፣ እረፍቱም የጉዞው አንድ ክፍል ነው።

ሆቴላችን ግሬንጅ ኦቨር ሳንድስ የምትባል ትንሽ ከተማ ውስጥ ነው። ሞርካም የባሕር ወሽመጥ ዳር ናት። ባሕር ዳር ተብሎ ሲኬድ ግን ባሕሩ የለም! የኬንት ወንዝ መሄጃውን ስለቀየረ፣ ድሮ ውሃ ይመታው ከነበረው የእግር መንገድ ስር አሁን ሰፊ የሣር ረግረግ ተዘርግቷል። በጎች ይግጡበታል። ከዚያ ወዲያ ዓይን እስኪያልቅ አሸዋ ነው።

ያ አሸዋ ግን ቀልድ አያውቅም። ባሕሩ ሲሞላ ውሃው የሚገባው ሰው ሮጦ በማያመልጠው ፍጥነት ነው፣ የሚውጥ አሸዋም አለበት። ለዚህ ነው ከጥንት ጀምሮ በንጉሡ ስም የሚሾም መንገድ መሪ ያለው፣ ያለ እሱ ማንም ወሽመጡን በእግር እንዲሻገር አይመከርም። በየካቲት 2004 አንድ ሌሊት ከቻይና የመጡ ቢያንስ 21 ሠራተኞች ለምግብ የሚሆን የባሕር ዛጎል ሲለቅሙ ውሃው ከቧቸው አልቀዋል። ለሰው አገር እንጀራ ብለው መጥተው። ይህን ለጋሼ ስነግራቸው ኮፍያቸውን አወለቁና ወደ አሸዋው አይተው ዝም አሉ። እኔም ስደተኛ ነኝ፣ ቦታውን እንዲሁ አልፌው መሄድ አልሆነልኝም።

እራት ሦስት ዓይነት ተከታትሎ ነው የሚቀርበው። አስተናጋጇን ቀድሜ ረቡዕ ጾመኛ እንደሆንን ነገርኳት። ለምትጾሙ አንድ ምክር፦ ስለ ጾም ማስረዳት ውስጥ አትግቡ፣ "ቪጋን" በሉ፣ ወዲያው ይገባቸዋል።

ማክሰኞ

የመጣነው ለዚህ ቀን ነው።

አውቶብሱ ሃቨርትዌይት የምትባል ትንሽ ጣቢያ አወረደን። ሎኮሞቲቯ ከፉርጎዎቹ ፊት ቆማ ትተነፍሳለች። ከስሯ ትኩስ ውሃ ጠብ ጠብ ይላል። የድንጋይ ከሰልና የትኩስ ዘይት ሽታ ጣቢያውን ሞልቶታል። ሌላው ሰው ሻይ ቤቱን ሲፈልግ ጋሼ በቀጥታ ወደ እሷ ሄዱ። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀስ ብለው ተራመዱ፣ ተመልሰው ደግሞ ሌላ ጊዜ ሄዱ። መንኮራኩሮቹን የሚያያይዘው የብረት ዘንግ ጋ ሲደርሱ ቆሙ። ባቡር ነጂው ቀጭን አፍ ያላት የዘይት ቆርቆሮ ይዞ እያንዳንዱን መገጣጠሚያ ያጠጣል፣ ያጠጣውን በጨርቅ ይጠርጋል፣ በመዳፉ ዳሰስ ያደርጋል።

"ሙቀቱን ነው የሚያየው" አሉኝ ጋሼ። "መገጣጠሚያው ከሚገባው በላይ ከሞቀ ዘይት አልደረሰውም ማለት ነው። እጅ ነው የሚያውቀው።"

ጋሼ የድሮ የምድር ባቡር ሰው ስለሆኑ ፈረንሳይኛቸው ጥሩ ነው፣ እንግሊዝኛው ላይ ግን እኔ ነበርኩ አስተርጓሚ። "ልጄ፣ እስቲ ጠይቂልኝ፣ እሳቱን ስንት ሰዓት ላይ ነው የሚለኩሱት?" ገና ሳይነጋ ነው አለ ነጂው። ቦይለሩ ቀስ እያለ ነው መሞቅ ያለበት፣ ብረቱ ባንዴ ከጋለ ይጎዳል። ጋሼ እኔ ተርጉሜ ሳልጨርስ ራሳቸውን ነቀነቁ። ነጂው ይህ ሽማግሌ ተራ ጎብኚ አለመሆኑ ገባው መሰለኝ፣ ደረጃው ላይ ወጥተው ወደ ውስጥ እንዲያዩ ጋበዛቸው። እሳት አንዳጁ የምድጃውን በር ከፈት ሲያደርገው ሙቀቱ እኔ የቆምኩበት ድረስ መጣ። እሳቱ ቀይ አይደለም፣ ነጭ ነው ማለት ይቀላል።

ባቡሯ ስትሄድ የምታሰማውን ያን "ቹፍ ቹፍ" ታውቁታላችሁ። ምን እንደሆነ ለዘመናት አላውቅም ነበር፣ ጋሼ ናቸው ወንበራችን ላይ ከተቀመጥን በኋላ ያስረዱኝ። እሳቱ በቱቦዎች ውስጥ እያለፈ ውሃውን ያፈላዋል። ውሃ ወደ እንፋሎት ሲለወጥ በተራ የአየር ግፊት ከ1,600 እጥፍ በላይ ይሰፋል። ቦይለሩ ውስጥ ታፍኖ ስለሚያዝ ጉልበት ይሆናል፣ ፒስተኑን ይገፋል። ሥራውን የጨረሰው እንፋሎት ደግሞ በከንቱ አይጣልም፣ በጭስ ማውጫው በኩል በኃይል ሲወጣ ከኋላው አየር ይስባል፣ ያ አየር እሳቱን ያነደዋል። ሁለት ሲሊንደር ባላት ሎኮሞቲቭ መንኮራኩሩ አንዴ ሲዞር ድምፁ አራት ጊዜ ይሰማል። ዳገት ላይ ጠንክራ ስትሠራ ራሱ ሥራዋ እሳቷን ያጋጋለዋል። ጋሼ ይህን ሲነግሩኝ ጣታቸውን አፍንጫዬ ስር አድርገው ነበር፣ "አየሽ፣ ኮምፒዩተር የለ፣ ምን የለ! በድካሟ ልክ ነው የምትበረታው።"

የጎተተችን ሎኮሞቲቭ ፌርበርን የሚባሉት ዓይነት ናት። ከ1945 እስከ 1951 እንዲህ ያሉ 277 ተሠርተው ነበር። ዛሬ በዓለም ላይ የቀሩት ሁለት ብቻ ናቸው፣ ሁለቱም የዚህ መስመር ናቸው፣ ሁለቱም ብራይተን ላይ የተሠሩ። ለውሃና ለከሰል ተብሎ ከኋላ የሚጎተት ተጨማሪ ጋሪ የላትም፣ ውሃዋን በግራና በቀኝ ጎኗ ተሸክማ ነው የምትሄደው።

መስመሩ 5 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በ1869 ፈርነስ የሚባለው የባቡር ኩባንያ ከፈተው። በ1965 የመንገደኛ አገልግሎቱ ቆመ፣ በ1967 የጭነቱም ተከተለ። እዚያ ላይ ሊያበቃ ይችል ነበር። ግን ባቡር ወዳድ የሆኑ ሰዎች አልተዉትም፣ ሐዲዱ ተነቅሎ ሳይሸጥ ደርሰው ያዙት፣ በግንቦት 2 ቀን 1973 እንደገና ተከፈተ። ዛሬ በጎ ፈቃደኞችም ይሠሩበታል። እንዲህ ያለ ባቡር ማቆየት ቀላል እንዳይመስላችሁ። የሎኮሞቲቭ ቦይለር በየ10 ዓመቱ ተፈታትቶ ይመረመራል፣ ካላለፈ እሳት አይነድበትም።

ከጣቢያው እንደወጣን ዋሻ ገባን። ጭሱ በመስኮት ሲገባ ሌላው ሰው ሁሉ መስኮት ሲዘጋ ጋሼ የኛን ከፍተው ተዉት። ከዚያ በስተቀኝ ሌቨን ወንዝ ታየ፣ ድንጋይ ለድንጋይ እየዘለለ ይወርዳል። ባክባሮ የምትባለዋ መንደር ድሮ የብረት ማቅለጫ ነበራት። ነጭ ልብስ ሲታጠብ የሚነከርበትን ሰማያዊ ዱቄት የሚሠራ ፋብሪካም ነበራት። ኒውቢ ብሪጅ ትንሽ ቆምን፣ ከዛፎቹ መሃል ሐይቁ ብቅ አለ፣ ወዲያው ሌክሳይድ ደረስን። ጉዞው ሃያ ደቂቃ ቢሆን ነው። አጭር ነው? አጭር ነው። ግን ጋሼን ስመለከታቸው ከአዲስ አበባ ጅቡቲ ደርሰው የመጡ ነበር የሚመስሉት።

ሌክሳይድ ላይ ከባቡር ወርዶ መርከብ መሳፈር ጥቂት እርምጃ ነው። ሲሠራም ታስቦበት ነው፣ ከፋብሪካ ከተሞች የሚመጣው ሠራተኛ በባቡር ደርሶ ወዲያው ሐይቁ ላይ እንዲዝናና። ደስ ያለኝ ነገር ደግሞ ይሄ ነው፦ መርከቦቹ ራሳቸው በባቡር ነው የመጡት። ቲል በ1936፣ ስዋን በ1938፣ ባሮ በሚባለው የወደብ ከተማ በየክፍሉ ተሠርተው፣ በዚሁ ሐዲድ ተጭነው ሌክሳይድ ላይ ነው የተገጣጠሙት። ሦስተኛዋ ተርን ከሁሉም ታላቅ ናት፣ ከ1891 ጀምሮ ውሃው ላይ ናት፣ ስትጀምር በእንፋሎት ነበር የምትሄደው፣ አሁን በናፍጣ ነው።

እኛ ስዋን ደረሰችን። ጋሼን ከታች መስኮት ዳር ላስቀምጣቸው ብል አሻፈረኝ አሉ፣ ላይ ወጣን። ብርዱ ያንቀጠቅጣል። ግን ከላይ ነው የሚታየው።

ዊንደርሚር የእንግሊዝ ትልቁ የተፈጥሮ ሐይቅ ነው፣ ርዝመቱ 17 ኪሎ ሜትር ገደማ። ስፋቱ ግን ጠባብ ስለሆነ ግራና ቀኝ ያለውን ዳር ባንድ ጊዜ ታያላችሁ። ጣናን ላየ ሰው ትንሽ ነው፣ ጣና ከ200 ጊዜ በላይ ይበልጠዋል። ጥልቀቱ ግን ይገርማል፣ ከ60 ሜትር በላይ ይወርዳል። የሐይቁ ገጽ ከባሕር ጠለል በላይ 39 ሜትር ብቻ ስለሆነ ወለሉ ከባሕር በታች ነው ማለት ነው። የበረዶ ግግር ነው እንዲህ አድርጎ የቆፈረው። ግግሩ ከተራራ ወደ ታች እየተንሸራተተ ሸለቆውን ፈልፍሎት ሲቀልጥ ውሃ ሞላበት።

በ1930 ሄንሪ ሲግሬቭ የተባለ የፍጥነት ሰው እዚሁ ሐይቅ ላይ የዓለም ክብረ ወሰን በሰበረበት ቀን ጀልባው ተገልብጣ ሞቷል። አሁን ከ2005 ጀምሮ በሰዓት ከ10 የባሕር ማይል በላይ መሄድ ክልክል ነው። በኔ ግምት ሐይቁን ያዳነው ይሄ ሕግ ነው። የሞተር ጩኸት የለም፣ ሸራ ጀልባዎቹ በዝግታ ያልፋሉ። ቀሪው ችግር የፍሳሽ ቆሻሻ ነው፣ የአካባቢው ሰው ቆሻሻው ወደ ሐይቁ እንዳይለቀቅ ብሎ ለዓመታት ሲታገል ቆይቷል። እንዲህ ያለ ውሃ ላይ ቆሻሻ መልቀቅ እንዴት እንደሚያስችል አይገባኝም።

ባውነስ ከመድረሳችን በፊት ከደሴቶቹ ሁሉ ትልቋ ቤል አይል ታየች። ከዛፎቹ መሃል ክብ ቤት አለ፣ በ1774 መሠራት የጀመረ። ባውነስ ራሷ ሰው በሰው ናት፣ አይስክሬም፣ የስጦታ ዕቃ፣ ዳክዬ። እዚያ አውቶብሳችን ጠብቆ ወሰደን።

ማታ ሆቴል ሳሎን ውስጥ ሻይ ይዘን ጋሼ ብዙ አወሩ። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ በ1902 ያለችበት ደርሶ ነው ድሬዳዋን የፈጠራት፣ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር በ2016 ሲመረቅ የራሱን ሰፊ ሐዲድ ይዞ በሌላ መንገድ ሄደ። ጣቢያውም ከከተማው ውጭ ነው። ከዚራ ያለው የድሮው ጣቢያና የጥገና ቤቱ ግን አሉ፣ መቆንጠጫውም፣ መላጊያውም፣ የድሮዎቹ ማሽኖች። "እነዚህ ሰዎች ያላቸው ምንድን ነው?" አሉ ጋሼ። "5 ኪሎ ሜትር ሐዲድ። እኛ ስንት ነበረን?" ከድሬዳዋ ተነስቶ ቅዳሜና እሁድ ትንሽ ሄዶ የሚመለስ አንድ ባቡር ቢኖር፣ ልጆች ተሳፍረውበት፣ የሚያውቁት ሰዎች በሕይወት እያሉ ሥራውን ለወጣት ቢያሳዩ ብዬ ነው እኔም ያደርኩት። እባካችሁ ድሬዳዋ ያላችሁ አስቡበት። እውነቴን ነው።

ረቡዕ

ዝናብ። ሲነጋም ይዘንባል፣ ሲመሽም ይዘንባል። በዚሁ አገር ሲዝዌት የምትባል መንደር በዓመት ከ3,000 ሚሊ ሜትር በላይ ይዘንብባታል፣ ሰው ከሚኖርባቸው የእንግሊዝ ቦታዎች ሁሉ የሚበልጣት የለም። ተራራው የጠፋው በደመና ነው፣ የእንግሊዝ ትልቁ ተራራ ስኬፌል ፓይክ 978 ሜትር ነው ብሎ ሹፌሩ በማይክ ሲነግረን ጋሼ "ድሬ ራሷ ከዚያ አትበልጥም?" ብለው ሳቁ። ትበልጣለች።

ያየነው ነገር በግ ነው፣ ግን እንዴት ያለ በግ! ኸርድዊክ ይባላል። ግልገሉ ሲወለድ ጥቁር ነው፣ ሲያድግ ቡናማ፣ ከዚያ ግራጫ ይሆናል፣ ፊቱ ነጭ። አውቶብሱ ቆሞ ሲያሳልፋቸው አንዷ መስኮታችን ስር ቆማ ቀና ብላ አየችን፣ ፀጉሯ ላይ የዝናቡ ጠብታ ተንጠልጥሏል። ተራራው ላይ አጥር የለም። ሆኖም እያንዳንዱ መንጋ የራሱን ቦታ ያውቃል፣ እናት ለግልገሏ ታሳያለች፣ እንዲያ እየተወራረሰ ነው የሚኖረው። በ2001 የአፍና የእግር በሽታ ሲገባ ገበሬው የፈራው በጎቹን ብቻ ሳይሆን ይህን ዕውቀት ማጣቱን ነው፣ ከሌላ ቦታ ገዝተህ የምታመጣው በግ ተራራውን አያውቀውማ።

ግራስሚር ቆምን። ገጣሚው ዊሊያም ዎርድስዎርዝ የተቀበረው እዚህ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ነው። በ1844 ባቡር ወደ ዊንደርሚር እንዳይገባ አጥብቆ የተከራከረ ሰው ነው፣ ባቡሩ ግን በ1847 ገባ። ጋሼ ይህን ሰምተው መቃብሩ ጋ ቆም አሉና "ይሁን፣ ነፍስ ይማር" አሉ።

ከቤተ ክርስቲያኑ ጎን ያለችው ሱቅ ደግሞ የዝንጅብል ብስኩት ሱቅ ናት። ሣራ ኔልሰን የምትባል ሴት በ1854 እዚያው ቤት ጋግራ መሸጥ ጀመረች፣ እስከ ዛሬ እዚያው ይሸጣል። ቤቷ ድሮ የመንደሩ ትምህርት ቤት ነበረች። ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ውጭ ይጠብቃል፣ ሽታው ግን ከሩቅ ይጠራል። ቅቤ አለው ሲሉን ጋሼ ጥቅሉን ኮታቸው ኪስ ውስጥ ከተቱት። "ነገ ሐሙስ ነው" አሉ፣ አለቀ።

ሐሙስ

መመለሻ። ኬንደል ላይ ትንሽ ቆም አልን። የዚህች ከተማ ስም የሚነሳው በስኳርና በናና በሚሠራ ደረቅ ጣፋጭ ነው፣ በ1953 ኤቨረስትን የወጡት ሰዎችም ይዘውት ነበር። በጣም ይጣፍጣል፣ ለኔ ይበዛል። ብስኩቱ ግን ኤም 6 ሳንደርስ አልቋል።

መሄድ ለምትፈልጉ፦ ባቡሩ የሚሠራው ከፋሲካቸው አካባቢ እስከ ጥቅምታቸው መጨረሻ ነው፣ በነሱ ክረምት፣ በብርዱ ወራት፣ አትሂዱ። ከሃቨርትዌይት ስትሳፈሩ በቀኝ በኩል ተቀመጡ፣ ወንዙም ሐይቁም በዚያ ነው። ጉልበት የሚያማቸው ሰዎች ካሏችሁ አስቀድማችሁ ንገሩ፣ የድሮ ፉርጎ ደረጃው ከፍ ይላል፣ እኛን ሠራተኞቹ ደግፈው ነው ያሳፈሩን። ጃኬት ለመርከቡ የግድ ነው። ሲያልቅ ለሹፌሩ ትንሽ ነገር ማዋጣት የተለመደ ነው።

ጋሼ ከሆቴሉ መግቢያ አንድ ወረቀት አንስተው ነበር፣ ቤት ስንደርስ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጉልኝ። ከሴትል ካርላይል የሚሄደው መስመር ነው፣ ሪብልሄድ ላይ ባለ 24 ቅስት የድንጋይ ድልድይ አለው፣ እሱም ሊዘጋ ሲል በ1989 የተረፈ። "ይቺስ ስንት ሰዓት ትፈጃለች?" አሉኝ። ከመመለሳቸው በፊት ባለው ቅዳሜ ሁለት ቦታ ይዣለሁ።